ድምፁ የጠፋው ቴሌቪዥን

ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ፓስታ አዘዝኩ። እንደ ልማዳቸው ሙዝ አብሮ መጣ። ውጭ ያ የማይደክመው የጅግጅጋ ነፋስ የሱቆቹን ሸራ ያርገበግባል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ አገር ድራማ ያሳያል። አንዲት ሴት ስልክ አንስታ አፏን ስትከፍት፣ እኔ ሹካዬን አስቀምጬ በለሆሳስ አወራሁላት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ወንበሩን ትንሽ አሸሸ። አልፈረድኩበትም።

ይህ አመል ከአይሻ ይዤው የመጣሁት ነው። ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። ናዝሬት ያደግኩ፣ በፋርማሲ የተመረቅኩ፣ ልቤ ግን ደራሲ መሆን ላይ የነበረ ልጅ ነበርኩ። በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ ባለችው የባቡር ከተማ፣ በአይሻ፣ መድኃኒት ቤት ሥራ ሳገኝ፣ ብቻዬን ስሆን እጽፋለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ብቸኝነቱንስ እንደ ጉድ አገኘሁት። የተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ከረፋዱ ጀምሮ ትግላለች፤ አሸዋው በበሩ ሥር ይገባል፤ ባቡሩ ከሩቅ ጮኾ ያልፋል። የምጽፋቸው ታሪኮች በቅጽል የታጨቁ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላሉ መጽሔቶች ብልክም መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። ሶማልኛ አልችልም። ሰው አማርኛ የሚያናግረኝ ስለ ክኒን ብቻ ነው። ሁሉም «ዶክተር» ይለኛል፤ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም።

ከሥራ ስወጣ የምሄደው ኤዶ ሐሊማ ሻይ ቤት ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። አሥር ሰዓት ገደማ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ በወተት የፈላ ሻይ እየጠጡ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ያያሉ። እኔ ጥግ እይዛለሁ። ማንም አይከለክለኝም፣ ማንም አያዋራኝም።

አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ፤ ምስሉ ብቻ ቀረ። ድሬዳዋ ተልኮ ይሠራ ቢባል ኤዶ ሐሊማ እምቢ አሉ።

«ድሬዳዋ የሄደ ቴሌቪዥን ቶሎ አይመለስም። ዝም ብሎም ቢሆን እዚሁ ይቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ አማርኛ ያንቺ ነው። ምን እያሉ ነው?»

የተዋንያኑ ከንፈር የሚያወራው የሌላ አገር ቋንቋ መሆኑን ማን ያስረዳቸው? ታሪኩን ከመጀመሪያው ስለተከታተልኩት እየገመትኩ መናገር ጀመርኩ። የገባቸው ላልገባቸው በሶማልኛ ይደግሙላቸዋል። የሚናገረው ተዋናይ አፉን ከመዝጋቱ በፊት መጨረስ ነበረብኝ። ቃላት ሳስረዝም ሴቶቹ ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። እሱ ዝም ሲል እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ይኼ ከሁሉም ከበደኝ። መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ሳይታወቀኝ ምንጣፉ ላይ ቦታ ይያዝልኝ ጀመር። ስዘገይ ሰው ይላክብኛል።

ከሴቶቹ አንዷ ኤዶ ደቃ፣ የግመል ወተት ሻጭ ነበሩ። ልጃቸው ሊባን በባሕር ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወሬው የለም። ድራማው ውስጥም ልጇ የጠፋባት እናት አለች። አንድ ቀን ያቺ እናት ስልክ አነሳች፣ ወንበር ላይ ዘፍ አለች፣ አለቀሰች። ሁሉም እኔን ጠበቀ። የኤዶ ደቃ ሻይ አፋቸው ጋ ሳይደርስ እጃቸው ላይ ቆሟል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ደርሻለሁ። በልቻለሁ፣ አታስቢ» አልኩ።

ኤዶ ደቃ ሻያቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።

ብዙ ሳይቆይ የኤዶ ሐሊማ የወንድም ልጅ፣ ሹፌር ነው፣ ትንሽ ስፒከር አምጥቶ ገጠመ። ድምፁ ተመለሰ። ሴቶቹ በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፣ ወደ እኔ የዞረ የለም። ቦታዬ ምንጣፉ ላይ እያለ እንደ መጀመሪያው ቀን እንግዳ ሆንኩ። ድራማው ውስጥ ደግሞ ያቺ እናት ጥቁር ለብሳ ስለ መቃብር ታወራለች። በስልክ የመጣላት መርዶ ኖሯል። ኤዶ ደቃ የወተት ዕቃቸውን አንስተው ወጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ ቤቱን ተዉት።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀትር ላይ መድኃኒት ቤት መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መድኃኒት አልጠየቁም።

«ያ ስልክ» አሉኝ።

«ኤዶ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው የተናገርኩት። ምንም አልሰማሁም ነበር።»

«አውቃለሁ። ድምፅ አልነበረም እኮ፤ ማን ሰማ? የቴሌቪዥኑን ተይው። ያንቺን ንገሪኝ። ልጁ ምን አለ?»

ነገርኳቸው፦ ደርሷል፣ በልቷል፣ አታስቢ ብሏል።

«እናትየዋስ ምን አለች?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ለልጁ ስናገርለት እናቲቱን ረስቻት ኖሯል።

«ምን ትበል?» አልኳቸው።

ኤዶ ደቃ ወደ መንገዱ ብዙ አዩ። አቧራ ያነሳው ነፋስ አንድ ባዶ ጀሪካን እያንከባለለ አለፈ።

«ስልኩን አትዝጋ ትበል» አሉ።

አይሻን ከለቀቅኩ ቆየሁ። ሊባን ይደውል አይደውል አላወቅኩም። እዚህ ጅግጅጋም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ እጽፋለሁ፣ አንዳንዱ ይታተማል። ስጽፍ ግን ምንጊዜም ከወዲያ በኩል ስልኩን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቃል አላባክንም፣ ቶሎም አልዘጋም።

አስተናጋጁ ሳህኔን ሊያነሳ ሲመጣ ዓይኔን ተከትሎ ቴሌቪዥኑን አየ።

«ድምፁን ልክፈትልሽ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። ሴትየዋ ስልኩን ገና አልዘጋችም ነበር።