የሸጊቱ ልጅ ጉንጭ

ጦርነቱ የመርሳን ከተማ አልፎ ከሄደ በኋላ ዓቢዳ የጎረቤቷን ልጅ ባየች ቁጥር ቅናት ያንገበግባት ነበር። የራሷ ልጅ ሀስና አጥንቷ ገጥጦ ሳለ፣ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣችው የሸጊቱ ልጅ ግን ጉንጩ ሙልት ብሏል።

«ዘራቸው ነው እንዳልል እናቱ ከስታለች፤ ደብቃ የምታበላው አላት» አለችው ባሏን።

አንድ ቀን ነርስ መጥታ የሰፈሩን ልጆች ክንድ ስትለካ የሸጊቱን ልጅ እግር በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ብታነሳም ስርጉዱ አልሞላ አለ።

«ይህ ውፍረት አይደለም፤ ረሃብ ያመጣው እብጠት ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይግባ» አለች።

ዓቢዳ በሐፍረት አንገቷን ደፋች። ነርሷ ለልጁ በረሃብ ለተጎዱ የሚታደለውን የለውዝ ምግብ ስትሰጠው፣ ሀስና ግን «እሷ ብትከሳም ለዚህ አልደረሰችም» ተብላ ባዶ እጇን ስትቀር ያው ቅናት ልቧን ቆነጠጣት።

«አስተግፊሩላህ፤ አላህ ማረኝ» አለችና የሸጊቱን ልጅ አዝላ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመረች።