የአዳዳን ሎህ ያለሰለስኩ ዕለት

ሻካራ እንጨት ሳይ እጄን ይበላኛል። ሙያዬ እንኳ አይደለም፤ ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሸጥ ነው የምውለው። ግን ከሥራ መልስ ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ የማልፍቀው ነገር የለም፤ በርጩማ በሉት፣ መደርደሪያ በሉት፣ የጎረቤት መክተፊያ በሉት። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ልጆቹንም ትፍቃቸዋለህ» ትለኛለች። ሲያደንቁልኝ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ! ሰው መዳፉን ሰደድ አድርጎ «ማሻአላህ፣ መስታወት!» ካላለኝ ሥራው ያለቀ አይመስለኝም።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ አትቸኩል። በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለህ እሽ፣ አግድም እንዳትሄድ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳልፍበት፤ ደቃቁ የእንጨት ፀጉር ብድግ ይላል። ሲደርቅ በለስላሳው መልሰህ እሸው። ቫርኒሹን አቅጥነህ ቀባ፣ ይደር፣ እንደገና እሽ፣ እንደገና ቀባ። ለእንጨት ይህን ያህል ትዕግሥት ያለኝ ሰው አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ትዕግሥት አጣሁ።

ባለፈው ክረምት የቡ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አንድ ዕቃ በአደራ ሰጡኝ። እኛ ቤት «አዳዳ» ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ዕቃው በልጅነታቸው ቁርአን የተማሩበት ሎህ ነበር፤ የዕለቱ ትምህርት በቀለም የሚጻፍበት፣ እጀታ ያለው ጠፍጣፋ የዋንዛ እንጨት። እጀታውን ምስጥ በልቶታል። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አሳቀፉኝና «ማሎ ልጄ፣ እጀታውን ብቻ ሥራልኝ» አሉ። ብቻ ማለታቸውን በደንብ ሰምቻለሁ።

እጀታውን ቀጠልኩለት፣ አማረ። ችግሩ እሱ ሲያምር የሎሁ ፊት አስቀያሚ ሆነብኝ። ለስንት ዘመን ጢስ ሲጠጣ ኖሮ ከሰል መስሏል። እንዲህ አድርጌ ብመልሰው ማን ሠራው ይባላል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ።

ጥላሸቱ ሲለቅ ፊደል ብቅ አለ። መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጠን ያለ፣ ዘንበል ያለ የእጅ ጽሕፈት። አላየሁም ብል ወላሂ ውሸት ነው፤ አይቼ እጄን ገታ አድርጌያለሁ። «የድሮ ቀለም ነው፣ ሎህ እንደሆነ ያው ይጻፍበታል፣ ይታጠባል» አልኩ ለራሴ። ከሥሩ ደግሞ ያ ቡናማው የዋንዛ መልክ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ልቤን ሰረቀው። ቀጠልኩ። ለመግሪብ አዛን ሲል አንድም ፊደል አልቀረም።

የሎህ ቀለም የታጠበበት ውሃ እንኳ እግር በማይረግጠው ቦታ ነው የሚደፋው። እኔ ያንን ቃል ከሰጋቱራ ጋር ጠርጌ ቦይ ውስጥ ጣልኩት። አስተግፊሩላህ! ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በሚኒባስ የቡ ወሰድኩላቸው። አዳዳ ዓይናቸው ደክሟል። መጀመሪያ እጀታውን ጨበጡና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ፊቱ ላይ ሰደዱ። እኔ ጅሉ ማሻአላህ እስኪሉኝ እጠብቃለሁ።

ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ብርሃን ላይ ወዲህ አዘነበሉት፣ ወዲያ አዘነበሉት።

«ታጠበ እንዴ?» አሉ።

«ኤዬ፣ አዎ አዳዳ፣ ቆሽሾ ስለነበር…»

«አባቴ ነበር የጻፈልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የመጨረሻው ነው። በቃሌ ይዤ ሳላሰማው ታመመ፣ በዚያው ሄደ። ላሰማው እያልኩ ነው ያላጠብኩት።»

ሥርዓቱን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። ልጅ ትምህርቱን በቃሉ ይዞ ለአስተማሪው ሳያሰማ ሎሁን አያጥብም፤ እኔ ራሴ ሳላሰማ አጥቤ ተገርፌበታለሁ። አዳዳ ባል ሲያገቡ፣ ልጆች ሲወልዱ፣ ቤት ሲቀይሩ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያልታጠበ ሎህ ይዘው ዞረዋል። እኔ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «አፉ ይበሉኝ» አልኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ! እሳቸው ግን «ተነስ ልጄ፣ አታውቅም ነበር» አሉኝ። ፊደሉን አይቼው እንደነበር ልነግራቸው አፌ አልተከፈተም።

ወደ መቀመጫቸው ተመለሱና «እንግዲህ ታጥቧል። ሳላሰማ ግን አይቀርም። ቁጭ በልና አንተ ስማኝ» አሉ።

ሎሁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጀመሩ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ሆነ፣ ቀጭንና ፈጣን። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆሙ። ጣታቸው ሎሁ ላይ መስመሩን ፈለገ፤ የሚይዘው ነገር የለም፣ እየተንሸራተተ ጠርዙ ድረስ ሄደ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ፣ ጨረሱ።

«የሳትኩት አለ?» አሉኝ።

እኔ ከቁርአን ቤት ገና በጅምሩ የሸሸሁ ሰው ነኝ። ያሰሙኝን ክፍል ጨርሶ አላውቀውም። የማመሳክረው ጽሕፈትም በእጄ ጠፍቷል።

«የለም አዳዳ» አልኳቸው።

«አንድም ቦታ?»

«አንድም ቦታ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አባቴ!» ብለው አለቀሱ።