የእትዬ ቀይ ናስትሮ

የእናቴ ታላቅ እህት ሬዲዮ ጠጋኝ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ የብየዳ ካውያ ይዛ ኖራለች፤ አርባ ዓመት ሙሉም ሰው ስትሳደብ ኖራለች። ደንበኞቿ «እሳቷ» ይሏታል። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ በሆዴ የምላት ግን ሌላ ነው።

እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ አንደበቷም ከተያዘ በኋላ ደወል ልሠራላት ተነሳሁ። መጣራት አትችልም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ መቀመጥ አልችልም። ነገሩ ቀላል ነው፤ በደህና እጇ የምትጫነው ቁልፍ፣ ባትሪ፣ ኩሽና ድረስ የሚሄድ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ደወል። ካውያ ጨብጬ አላውቅም ነበር። እንደምንም በየድኩትና ጮኸ፤ ደስ አለኝ።

እትዬ መጥታ አየችውና ደስታዬን አፈር ድሜ አበላችው። «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ትፋት?» ብላ ሁሉንም ነቅላ ጣለች። ከዚያ ስብከቱ ጀመረ። ሽቦው መጀመሪያ ተፍቆ ይጸዳል። ካውያው የሚያሞቀው ሽቦዎቹን ነው፤ መበየጃው እርሳስ የጋለው ሽቦ ላይ ይቀልጣል እንጂ ካውያው ላይ አቅልጦ እንደ ማስቲካ መለጠፍ የለም። ከዚያ እስኪጠጥር ንቅንቅ የለም፣ እፍ ማለትም የለም። ከተነቃነቀ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ላዩን የያዘ መስሎ አንድ ቀን ጉድ ይሠራል። እኔ ልሞክር ስላት እጄን መታ አደረገችና ራሷ በየደችው። መጋጠሚያዎቹን ሁልጊዜ በምትጠቀምበት ቀይ ናስትሮ ጠቅልላ፣ እንዳትነኪው ብላኝ፣ ጨጓራዬን ልጣው ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ዕቃ ሳጥብ ከመኝታ ቤት ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ደወል አልሰማሁም። ሮጬ ስገባ እናቴ ወለሉ ላይ ናት፤ ግንባሯ ተተርትሯል፤ ቁልፉን እንደጨበጠች አውራ ጣቷ አሁንም ይጫናል። ስንት ጊዜ ተጭና ሲያቅታት ለመነሳት እንደሞከረች እግዜር ይወቀው።

ግንባሯ ተሰፍቶ ቤት ከገባን በኋላ እትዬ መጣች። እህቷን እንዴት ነሽ ሳትል እኔ ላይ ወረደችብኝ። ነካክተሽዋል፣ ከፍተሽዋል፣ መቼም እጅሽ አያርፍ። ነክቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኳት። አላመነችኝም። ደሜ ፈላ። መቀስ አመጣሁና እዚያው ፊቷ ቀዩን ናስትሮ ቀደድኩት። ሽቦው ገና ሳልስበው ተላቆ ወደቀ። እርሳሱ እንደ አመድ ደብዝዟል፣ ተሰነጣጥቋል። ሳይጠጥር ተነቃንቋል ማለት ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ልላት አፌን ከፈትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ ልዘረግፍባት ነበር። እሷ መነጽሯን አድርጋ ሽቦውን አነሳች። ሽቦው ተንቀጠቀጠ። በሌላኛው እጇ ያዘችው፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ።

«እጄ እንዲህ ከሆነ ስድስት ወሩ ነው» አለች።

ስድስት ወር! ይባስ ብዬ ነደድኩ። ብትነግረኝ እኔ አልበይደውም ነበር? አንቺ ከምትዋረጂ እናቴ ትፈንከት? ይህንኑ አልኳት። ካውያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ኩሽና ገባች።

ሽቦውን ፋቅኩ፣ አሞቅኩ፣ እርሳሱን አቀለጥኩበትና ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ስድቧን ሳይቀር አስታውሼ ነው የሠራሁት። ጠጥሮ ሲያብረቀርቅ ቁልፉን ለእናቴ ሰጠኋት። ተጫነችው፤ ኩሽና ውስጥ ጮኸ። በቃ ሠርቷል ብዬ ልቀበላት ስል አልሰጥም አለች። ደግማ ተጫነች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እኔማ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ አንቺን ነው የምትጠራሽ» አልኩ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር።

ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። እትዬ ሰማሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም እያለች መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ያኔ ቁልፉን ለቀቀችና የእህቷን እጅ ያዘች።