ለሽምግልና የወጣው መጅ

ወረታ ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ቤት ነበረን። አንዲቱን ክፍል ለትምህርት ቤቱ ፈረንጅ መምህር ያከራየው ባሌ ነው፤ እኔስ አልፈለግሁም። ጠጉሩ ትከሻው ላይ የወደቀ፣ ጢሙ ያልተበጠረ፣ ከአሜሪካ የመጣ ጎረምሳ ነው። ይህ አንሶ የባሌን አሮጌ ጋቢ ለምኖ ለበሰ። አገሩ ጨርቅ ጠፍቶ ነው ወይ እያልሁ በልቤ እስቅ ነበር።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጅ ላይ ይቀመጥና በተኮላተፈ አማርኛው "አገሬ ታማለች" ይለናል። እዚያ አንድ ቤት ደጃፍ ሁለት መኪና ይቆማል፣ ሰው ግን የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ወጣቱን ሩቅ አገር ወስደው ያዋጉታል፣ ለምን ያለውን ደግሞ ከሃዲ ይሉታል። እንደሱ የሚሉ ብዙ ወጣቶች አሉ አለን። "ጠግቦ ነው" አልሁት ለባሌ። ሁለት መኪና ይቅርና ደኅና በቅሎ የሌለን ሰዎች ሌላ ምን እንበል።

አንድ ወር የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እኛ ሆንንና ባሌ መምህሩንም ጠራው። የነፍስ አባታችን ዳቦውን ባርከው እያደሉ፣ ለደንቡ ያህል፣ "አባትህ ደኅና ናቸው?" አሉት።

"አላውቅም። ተጣልተናል፤ ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆነን" አለ፣ ትናንት ዘነበ እንደሚል ሰው።

ቄሱ የዘረጉለትን ቁራሽ መልሰው ሌማቱ ላይ አኖሩት። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ፤ ከአባቱ ተጣልቶ የማኅበር ዳቦ ሊበላ የሚቀመጥ ሰው አይተን አናውቅማ።

"ሳትታረቁ አባትህ ቢሞቱስ ልጄ?" አሉት።

ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ዓይኑ ውኃ ሞላ። ነገሩ ሌት ተቀን ሲቆረቁረው እንደኖረ ያኔ አወቅሁ።

በማግስቱ ቄሱ፣ አማቴ የባሌ አባትና አንድ ጎረቤታችን ደጃችን ካለው ዋርካ ሥር ለዕርቅ ተቀመጡ። አባትየው ባሕር ማዶ ናቸውና አማቴ በእሳቸው ቦታ ሆኑ። ልጁ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ሊወድቅ፣ እሳቸውም ይቅር ሊሉት፣ ከዚያ እሱ ለአባቱ ሊጽፍ ነው። ድንጋይ ግን ከየት ይምጣ፤ በእኛ በኩል ያለው ሁሉ ጥቁር አፈር ነው። ባሌ ጓዳ ገባና የወፍጮዬን መጅ፣ ያን በእጄ ይዤ የምፈጭበትን ድንጋይ፣ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ይዞት ወጣ። ዳጉሳዬን አልጨረስሁም ብል ማን ይስማኝ።

መምህሩ ድንጋዩን አየና "እኔ ምን አጠፋሁ?" አለ።

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አሉ አማቴ ተቆጥተው። "እስቲ የተጣላችሁበትን ተናገር።"

ተናገረ። አብሮት የሚማር ጥቁር ጓደኛ ነበረው። በበዓል ቀን አብረው ሊበሉ ወደ አባቱ ቤት ይዞት ሄደ። አባትየው በሩ ላይ ቆመው "ይህ እዚህ አይገባም" አሉ። ገበታው ቀርቦ ሳለ እንግዳው ከደጅ ተመለሰ። ልጁም ተከትሎት ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

"እንግዳው ምን አጥፍቶ? ሰርቋል?" አሉ አማቴ።

"ጥቁር ስለሆነ ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

አማቴ ቀይ ዳማ ነኝ እያሉ ሲኩራሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የገዛ እጃቸውን አዩና "እኔ ብመጣስ?" አሉት።

መምህሩ መሬት መሬቱን እያየ "እርስዎንም አያስገቡም" አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እኛ መሽቶበት የመጣን መንገደኛ፣ የማናውቀውንም ቢሆን፣ እግሩን አጥበን እናሳድራለን። የዚያን አገር መኪናና መብራት ስሰማ የምጎመጅ ሴት፣ ያን ቀን አገሩን ፈራሁት።

አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "አባትህ ሆኜ ነው የተቀመጥሁ፣ አይደል?" አሉ። ጎንበስ ብለው መጄን አነሡና ማጅራታቸው ላይ ጫኑት፤ ዱቄቱ ጋቢያቸው ላይ ረገፈ። ያለ ምርኩዝ የማይሄዱ ሽማግሌ ጎረምሳ ፊት ተንበረከኩ።

"እንግዳህን ከደጄ መልሻለሁና ይቅር በለኝ።"

ቄሱ "ኧረ ይተው" ብለው ተነሡ፤ አማቴ አልሰሟቸውም። እኔ ራሴን ይዤ ቆምሁ። አባት ልጁ እግር ላይ ሲወድቅ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁ።

መምህሩ ዘሎ ድንጋዩን አወረደላቸው። ጉልበታቸውን ስሞ እንደ ሕፃን እያለቀሰ "ይቅር" አለ። ቄሱ የትናንቱን ቁራሽ ከሌማቱ አስመጥተው በእጃቸው አጎረሱት።

ክረምቱ ገብቶ ውኃ ሜዳውን ሳይሞላው "ወደ አባቴ ልሄድ ነው" አለን። ስንቅ ላዘጋጅለት ስል "እህቴ፣ መጁን ስጪኝ" አለኝ።

"አበድህ እንዴ? ለመሆኑ እዚያ ስትደርስ ማን ሊሸከመው ነው?" አልሁት።

መጽሐፎቹን ከሻንጣው አውጥቶ ድንጋዩን በባሌ ጋቢ ጠቅልሎ ከተተው።

"እስከ አባቴ በር ድረስ እኔ" አለኝ።