ጌሾ ያልተከለች ሴት

እስቴ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ እናቴ ጌሾ ከገበያ ትገዛ ነበር። ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። በዚያ ወይና ደጋ አጥቢያ ግን ጌሾ የሌለበት ጓሮ አልነበረም። ሴቶቹ ጠላ ሊጠነስሱ ሲነሡ እጃቸውን ወደ አጥራቸው ሰድደው ሸምጥጠው ይመለሳሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ ትሄዳለች። ሻጮቹም እኮ የኛው ሰፈር ሴቶች ናቸው። ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ሰላም ብላቸው ስታልፍ ባየችው ቅጠል ዋጋ እኩለ ቀን ላይ ገበያ ተቀምጣ ትከራከራቸዋለች።

የመጣነው ከላይ ጋይንት ነው። ከገብስ በቀር ብዙ ነገር የማያበቅል ብርድ አገር ነው፤ ጌሾ ቢተክሉበት ውርጭ ይበላዋል። የአባቴ ወንድሞች ብዙ ስለነበሩ መሬቱ ሲቆራረስ ኖሮ በሬ አዙሮ የማያሳርስ ሆነ። አባቴ፣ ቅድመ አያቱ የእስቴ ሰው ነበረችና፣ በእሷ በኩል ርስት ይገባኛል ብሎ ወረደ፤ ተሟገተ፤ ድርሻውን አገኘ። በጃንሆይ ዘመን በእኛ በኩል ሰው አገር የሚለውጠው እንዲህ ነበር። የሚወደውን መርጦ አይደለም፤ የትኛዋ አያቱ ከየት እንደተዳረች ቆጥሮ ነው።

ቤታችንን አፈረስነው። እንጨት ብርቅ ስለሆነ ምሰሶውና ማገሩ ከፊሉ በበቅሎ ከፊሉ በሰው ትከሻ ወረደ። የድንጋይ ግድግዳው ብቻ እዚያው ቀረ። እናቴ ጎረቤቶቿን ሳመች፤ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ከፊት ከፊት ሄደች። ስታለቅስ አላየኋትም። እኔም አላለቀስኩም። የሆነ ነገር ከላዬ እንደተነሣ ቀለለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። እስከ ዛሬም ስለ አገር ሲወራ ምንም አይሰማኝም።

"አገሩን እንዴት አገኘሽው?" ሲሏት "ይመቻል" ትላለች። ጤፉስ? ይመቻል። ሙቀቱስ? ይመቻል። ትንኙስ ቢሏት እሱም ይመቻል። አባቴ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ፣

"አንቺ ሴት፣ ከሆነልሽ ስደቢኝ፤ ይመቻል አትበይኝ!" አላት።

"ምን ልበልዎ ታዲያ? ይመቻል እኮ" አለችው፤ ወጡንም ጨመረችለት።

እሱ እንደማይመለስ ምሎ ነበር። "እዚያ ተመልሼ ከእናቴ ልጆች ጋር ለአንድ ትልም ድንበር ስፈነካከት አልሞትም" ይል ነበር። እሷ ግን መመለስ ትፈልግ ነበር። አፍ አውጥታ አልነገረችንም፤ ሁላችንም ግን እናውቅ ነበር። ወደ ጋይንት የወጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ ለእናቷ ተዝካር። ስትመለስም ስለ አገሩ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ እህል ልታበጥር ተቀመጠች።

እስቴ የተወለደችውን ታናሽ እህቴን ክርስትና ያነሣችው የአጥር ጎረቤታችን ነበረች። በዚያ አገር ሴት ጌሾ ከተከለች አገር ያዘች ይሏታል፤ ጌሾ ደርሶ እስኪሸመጠጥ ዓመታት መጠበቅን ይጠይቃልና። እናም አበልጃችን በየክረምቱ ችግኝ ነቅላ ታመጣላታለች። እናቴ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች፤ ሥሩን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ አጥር ሥር ታስቀምጠዋለች። ከገበያ ቀን ማግስት ስናይ ችግኙ የለም። ፍየሏ በላችው እንላለን። አበልጃችንም በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ "የእናንተዋ ፍየል ከጌሾ በቀር ሌላ አትቀምስም እንዴ?" እያለች ትስቃለች። እናቴም አብራ ትስቃለች።

ጥቂት ዓመት እንደኖርን መሬቱን ከእኛ በፊት ይዞት የነበረው የአባቴ ዘመድ ሙግቱን እንደገና ቀሰቀሰው። የያዘው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ "እኒህ ሰዎች አገር አልያዙም። ሚስትየዋ ዛሬም ጌሾ በገበያ ትገዛለች። ነገ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ መሬቱ ጦሙን ያድራል" አለ። እንደ ቀልድ የጀመረ ነገር ሽማግሌ አስነሣ። የአጥቢያው ጭቃ ሹም፣ ሁለት ሽማግሌዎችና መስቀላቸውን የያዙ ቄስ ከግቢያችን ገቡ።

አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። እናቴን አልለመናትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "አልተከልኩም" ካለች መሬቱ ይሄዳል፤ እኛም ወደ ጋይንት እንመለሳለን። ይህ ለእኔም ገብቶኛል።

"ልጄ" አሏት ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት፣ "ባልሽ በሙግት ያገኘውን ልንነቅልበት አይደለም የመጣነው። ግን ይህ ሰው እንዲህ ይላል። ጌሾ ተክለሻል ወይስ አልተከልሽም?"

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አባቴን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"ተክያለሁ፣ አባቶቼ" አለች።

"መስቀሉን ስመሽ ትያለሽ?" አሏት ቄሱ።

ቀረብ ብላ ሳመች። "ተክያለሁ። ብዋሽ ታቦቱ ይፍረድብኝ።"

የሁሉም ዐይን ወደ አጥሩ ዞረ። አጥሩን ይዞ የአበልጃችን ጌሾ ተደርድሯል። አበልጃችን ከወዲያ ማዶ ሆና ስትሰማ ነበርና፣ "አጥሩ የጋራችን ነው!" ብላ ጮኸች። ይህ እውነት ነው፤ አጥሩ የጋራ ነበር። ከሳሻችን አፉን ሲከፍት ጭቃ ሹሙ፣ "መስቀል ስማ ማለች፤ ሌላ ምን ቀረህ!" ብለው አስቀመጡት።

አባቴ በግ አረደ። እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። እናቴ ወጡን ሠራች፤ ጠላውን ቀዳች፤ ሊያስምሏት ለመጡት ሁሉ እጅ ነሥታ አስተናገደች። እኔ ግን በሐሰት የማለ ሰው አፉ ይጣመማል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ለብዙ ጊዜ አፏን አፏን አይ ነበር። አልተጣመመም። ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አጣፍታ ጌሾ ልትገዛ ወጣች። አባቴ ስትሄድ አያት። ከዚያ ወዲያ "ይመቻል" ስትለውም አልተቆጣም።

አባቴ ሲሞት፣ "እምዬ፣ አሁን ጋይንት ልውሰድሽ?" አልኳት።

"ባሌን እዚህ አስተኝቼ?" አለችኝ። በዚያው አበቃ። እሷም ስትሞት ከጎኑ ቀበርናት። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ አገሬው ወዷታል።

መርዶውን ለእህቷ ላደርስ ጋይንት የወጣሁት እኔ ነኝ። ጃንሆይ ገና አልወረዱም ነበር። አክስቴ አለቀሰች፤ ደረቷን ደቃች፤ ሲደክማት እጄን ይዛ ከድሮው ቤታችን ግድግዳ ኋላ፣ ነፋስ ወደማይነካው ጥግ ወሰደችኝ። መሬት ላይ ሣር ተከምሯል። አጎንብሳ ሣሩን ገለጠችው። ከጉልበቴ የማይደርስ፣ ጫፍ ጫፉን ውርጭ የጠበሰው፣ የጠቆረ ቁጥቋጦ ነው።

"ለእናታችን ተዝካር የመጣች ጊዜ በገዛ እጇ የተከለችው ነው" አለችኝ። "ችግኙን ከእስቴ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማ። ከዚያ በኋላማ በየክረምቱ ነው የምትልክልኝ፤ ቅዳሜ ገበያ ትወጣና ወደ ንፋስ መውጫ ለሚመጡ ጌሾ ነጋዴዎች ትሰጣቸዋለች። እሱን ሁሉ ውርጭ ፈጀው። ይኸው አንዱ ብቻ ቀረ። ሣር አልብሽልኝ ትል ነበር፤ ሳለብስላት ኖርኩ።"

"ጠላ ወጥቶታል?"

"ኧረ ምን ሲደረግ! በምን ቅጠሉ?" አለችና ሣሩን መለሰችበት። "ለለቅሶው የሚሆነውን ሰው ልኬ ከገበያ አስገዛለሁ።"

ማልቀስ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም። እጄን ሣሩ ውስጥ ሰድጄ አንዱን ቅጠል ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ያን ቀን በመስቀሉ አልዋሸችም። ከዚያ ቀን አስቀድማ ተክላ ነበር። የት ብሎ የጠየቃት ግን ከሽማግሌዎቹ አንድም አልነበረም። እኛም አልጠየቅናትም።