በአባቴ ስልክ የመለስኳቸው መልእክቶች

አባቴ የሞተው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ካለው ቤታችን ጓሮ ሣር እያጨደ ሳለ ልቡ ቆመ። የማጨጃው ሞተር አንድ ቦታ ሆኖ ሲጮህ እናቴ ተበሳጭታ ልትቆጣው ወጣች፤ ያገኘችው ግን ወድቆ ነው። አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ደረስን፣ ዶክተሮቹም የሚችሉትን ሞከሩ። ነገሩ ግን እዚያው ጓሮው ላይ አልቆ ነበር።

ታናሽ እህቴ በዚያን ጊዜ ላትቪያ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ ሩሲያኛ የሚያጠኑ ተማሪዎችን ድሮ ወደ ሩሲያ ይልክ ነበር፤ ከዩክሬኑ ጦርነት ወዲህ ግን ቋንቋው ወደሚነገርባቸው ሌሎች አገሮች ይበትናቸዋል። ለእሷ የደረሳት የሩሲያ ድንበር አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሥራ ልምምዷም አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት አንድ ማዕከል ውስጥ ነበር፤ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፣ ፎርም ትሞላላቸዋለች፣ ሻይ ታድላለች። አባቴ ሲሞት ልትጨርስ ስድስት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ሩሲያኛውን ያስጀመራት አባቴ ነው። በደርግ ጊዜ ሚንስክ ተልኮ ስድስት ዓመት ምሕንድስና ተምሯል። አትላንታ ሲመጣ ዲግሪውን "እስቲ አሳየን" ያለው ሰው አልነበረም፤ ኤርፖርቱ አካባቢ ፓርኪንግ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እህቴ ሃይስኩል ገብታ "አስተምረኝ" እስክትለው ድረስ ያንን ሁሉ ሩሲያኛ የሚያወራው ሰው አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሁለቱ ጨዋታ ለእኔና ለእናቴ ተዘጋ። ራት ላይ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ፣ እናቴ ደግሞ "እነዚህ ሞስኮዎች ዛሬም እኔን እያሙ ነው" ትላለች። እኔ ቅናት ነበረብኝ፣ አልደብቅም። የበኩር ልጁ ነኝ፤ እኔን ያስተማረኝ መኪና መንዳት ብቻ ነው።

በሞተ ማግስት ጠዋት የዕድራችን ሰብሳቢና የንስሐ አባታችን መጥተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ጉዳዩ አንድ ነበር፤ ለልጅቷ ይነገራት ወይስ አይነገራት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ የሚይዝ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። ሰብሳቢው አንገታቸውን ደፍተው፣ "እርስዎ ቢወድቁ እኛ አለን። እሷ እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ትምህርቷን ትጨርስ፣ ስትመጣ በወጉ ይነገራታል" አሏት። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም፣ እንዲያውም ልክ ናቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘመድ አዝማድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ ተለመነ። ሳሎናችን በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ የእናቴ ስልክ ይጠራል፤ እህቴ ናት። ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ዝም ይላል፣ ሰው ወንበሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። እናቴ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በጥቁሩ ቀሚሷ ላይ ቀይ ሹራብ ትደርብና ቪዲዮውን ከፍታ ትስቃለች። ሲዘጋ ማሽኑ ላይ ተደፍታ ትቆያለች። ያን ሳቅ ከየት እንደምታመጣው እስካሁን አላውቅም።

ስለ አባቴ የተባለው፣ የጉሮሮ ኦፕሬሽን አድርጎ ዶክተሩ ለሁለት ወር እንዳይናገር ከልክሎታል የሚል ነው። ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። "እስቲ አሳዩኝ" ስትል ተኝቷል እንላለን፣ ወይ ቀጠሮ ሄዷል እንላለን። ሁሉም ጎበዝ አሉኝ፤ እኔም በውሸቴ ኮራሁ።

እህቴ ግን መላ አላጣችም። መናገር ባይችል መስማት ይችላል ብላ የድምፅ መልእክት ትልክለት ጀመር፣ በሩሲያኛ። ስልኩ እኔ ዘንድ ነበር። አባቴ ሲጽፍላት ድሮም አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነው፤ ሩሲያኛቸው የአፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ እሱን መሆን አልከበደኝም። የምትነግረውንም ነገር የማውቅ መሰለኝ። በፊት በየእሑዱ ደውላ የሳምንቱን ውሎዋን በሩሲያኛ ታወራለት፣ እሱም እየሰማ ያርማት ነበር። ይህንንም እንደ ቤት ሥራ ቆጠርኩት። "ጎበዝ ልጄ፣ ቋንቋሽ ተሻሽሏል፣ በርቺ" ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ልብ መለሰችልኝ።

ቀስ በቀስ መልእክቶቹ ረዘሙ። ሦስት ደቂቃ የነበረው ሰባት ደቂቃ ሆነ። ኮንየርስ ከተማ ከምሠራበት መጋዘን በምሳ ሰዓት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እሰማቸዋለሁ። አንድም ቃል አይገባኝም፣ ግን ድምጿን መስማት ያጽናናኝ ነበር። በአንዱ መካከል ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቃል ጠፍቷት ነው ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

መጋዘናችን ዕቃ የሚያመላልስ አንድ የኡዝቤክ ሹፌር ነበር። ሩሲያኛ ይችላል፤ ስንተያይ ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን ያንን ረጅሙን መልእክት ላሰማው ብዬ የአባቴን ስልክ ይዤ ወደ ትራኩ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ፣ የማን ስልክ ነው፣ ለምን ባለቤቱ አይሰማውም ቢለኝ ምን እለዋለሁ ብዬ ቆምኩ። በሞተ ሰው ስም የምጽፍ መሆኔን ለመናገር አፈርኩ። ከዚያ ተመለስኩ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ቢቀረኝ ነው።

በዚያው ቀን ለረጅሙ መልእክት "በርቺ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ብዬ መለስኩ። ለሚቀጥለው "አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል" አልኩ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚናገረው፣ እኔ በበኩሌ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የመጨረሻው መልእክቷ አሥር ሰከንድ አይሞላም። "ተባረኪ" አልኳት። ከዚያ በኋላ በአባቴ ስልክ ምንም አልላከችም። እውነቱን ለመናገር ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አርባውን ያለ እሷ አወጣን።

የመጣች ዕለት ኤርፖርት የተቀበለቻት አክስቴ ናት። እናትሽን ጉንፋን ይዟታል፣ ዛሬ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ ብላ ዱሉዝ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። እህቴ ስለ አባቷ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ አክስቴ ይህ ገርሟት ነበር። በማግስቱ ማለዳ ቄሱ፣ ሰብሳቢው፣ እናቴና እኔ ደረስን። እህቴ በፒጃማ ብቅ አለች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ በፋሻ ታስሯል። በቪዲዮ ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ትለብስ ስለነበር አንዳችንም አላየነውም። ቄሱ ቀስ ብለው ነገሯት። አክስቴና እናቴ ግራና ቀኝ ያዟት። ሁላችንም ጩኸቷን ስንጠብቅ እሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"መቼ?"

ቀኑን ነገርኳት። ትንሽ አሰበች።

"ማነው ታዲያ ቴክስት ሲያደርግልኝ የነበረው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ያን ጊዜ ጮኸች።

ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ አንድም ቃል አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን አባታችን ክፍል ጠራችኝና ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ያስቸገራት እዚያ የምትኖርበት ቤት አከራይ ወንድም ነበር። መጀመሪያ በቀለሟ ይሰድባት ነበር፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ መንገድ ይዘጋባት ጀመር፣ ከዚያ ሳያንኳኳ ክፍሏ መግባት። ለእናቴ አልነገረቻትም፣ ትታመምብኛለች ብላ። ለዩኒቨርሲቲውም አልነገረችም፣ መልሰው ይወስዱኛል፣ የዓመቱ ልፋቴ ገደል ይገባል ብላ። የነገረችው ለአባቷ ብቻ ነው፣ እናታችን ብትሰማ እንኳ በማይገባት ቋንቋ። እሱ በወጣትነቱ እነዚያ አገሮች ውስጥ ጥቁር ሆኖ ኖሯል፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የላትም።

በሰባት ደቂቃው መልእክት፣ "አንተ ነይ ካልከኝ ነገ እመጣለሁ" ብላው ነበር። ያ ዝምታ ቃል ፍለጋ አልነበረም፣ ለቅሶዋን እያፈነች ነው። እኔ ደግሞ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ አልኳት። እሷም አባቴ ካለ ብላ ቀረች። ሰውየው እጇን ጠምዝዞ የሰበረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያንንም ነገረችው። እኔም ሁሉም ያልፋል አልኳት።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። ወጉን ያወጡት ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ብለው ነው፤ እነሱ ዝም በሉ አሉ እንጂ መልስ ስጡ አላሉም። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ የእነዚያ የሁለቱ ጨዋታ ውስጥ ልግባ ብዬም ይሆናል። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የመጨረሻው አጭር መልእክት ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

"'ከአሁን በኋላ ምንም አልነግርህም' ነው ያልኩት" አለች። "አንተ 'ተባረኪ' አልከኝ።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በታሰረው እጇ አስቆመችኝ።

"አንተን ይቅር እልሃለሁ፣ ማለቴ፣ ወንድሜ ነህ፣ ምን አደርግሃለሁ። ግን እኔ አባዬን አኩርፌው ነው የመጣሁት። ፕሌን ላይ ሙሉ መንገዱን ምን እያልኩ እንደነበር ታውቃለህ? ኤርፖርት ሊቀበለኝ ሲመጣ አልስመውም፣ እንዳላየ ሆኜ ነው የማልፈው እያልኩ ነበር። አርባው ወጥቶ እኔ ገና እየተቀየምኩት ነበር።"

ይህን ብላ አየችኝ። የአባቴን ስልክ ከኪሴ አውጥቼ ባልታሰረው እጇ ላይ አኖርኩት።