አምስት ራስ ወተት በጉንጬ

ሙሚና ከሸዋ ሮቢት በታች ካለው መንደሯ የወጣችው ጎጆዋ እየነደደ ነው። መንገዱ ላይ የጣሊያን ካሚዮን ተመትቶ፣ ቅጣቱ በመንደሩ ወረደ። ከምድጃው በላይ ጭስ ሲጠጣ ከከረመው የዘር ማሽላ አምስት ራስ በነጠላዋ ቋጠረች። ዓይነ ስውር አባቷን አብዱረሂምን እጁን ይዛ ዳገቱን ወደ ደብረ ሲና ተያያዘችው። እዚያ የሟች እናቷ የዘነበች ወንድም አለ።

ዘነበች በኮረዳነቷ በዚያው ዳገት ባቄላ ይዛ ለገበያ ወርዳ ነበር። አብዱረሂም ከማሳው ዳር የተጠበሰ እሸት ሰጣት፤ ወተት በጉንጬ የሚሉትን፣ ሲነክሱት አፍ የሚሞላውን ማሽላ። በዚያው ቀረች። ስትፈጭም ታንጎራጉር ነበር፦

ቆላ ወርጄ ነበር እህል ልሸምት፣
እዚያው ተሸመትኩኝ በማሽላ እሸት።

ደብረ ሲና ጉሙ እቤት ድረስ ይገባል። አጎቷ ገብረሚካኤል እጁ አልሰሰተም፤ በሶውንም የገብስ ቂጣውንም አቀረበ። ሽማግሌው ግን እየቀመሰ ይተወው ጀመር።

«አልወርድ አለኝ፣ ገብረሚካኤል። ጥፋቱ የጉሮሮዬ ነው፤ እህልህስ ደግ ነው።»

የቆላ እህል ከገበያ ጠፍቷል፤ መንገዱን ኬላ ዘግቶታል። ሙሚና የቋጠረችውን ፈትታ ታሸው ጀመር።

«ምን እያሸሽ ነው?» አለ አባቷ።

«ለገንፎ ነው፣ አባባ። አንዴ ይበቃዎታል።»

«ወላሂ አልቀምሳትም! አያቴ ከአዋሽ ማዶ በግመል ጭኖ ያመጣው ዘር ነው። ዝሪው፤ እሸቱን ታበይኛለሽ።»

አጎቷ ሰምቶ ሳቀ። «ሙሚናዬ፣ ግመሉንስ ለምን ተውሽው? እሱንም አምጥተሽ ውርጭ ላይ ታስሪልን ነበር!» ሳቁ ወዲያው ጠፋ። «ደጋ ማሽላ አያደርስም፣ ልጄ።»

«አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጋሼ። ዝናቡም አለ።»

ከጓሮው ጥግ ቆርሶ ሰጣት። ዘሩን አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በተነችው።

በቀለ። አገዳው ከጣሪያው በለጠ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው የሮቢትን ማሳ ይመስል ነበር፣ ሆድ ያባባ ነበር። በየማለዳው አብዱረሂም «ራስ አወጣ?» ይላታል። «ሊያወጣ ነው፣ አባባ።» እሱ ግን ልብሱ እየሰፋው ሄደ።

በጥቅምት ማለቂያ አንድ ማለዳ ቅጠሉ ሁሉ ውርጭ መትቶት የተቀቀለ መስሎ ጠቁሮ ተገኘ። ሙሚና አገዳውን ሰነጠቀችው። ራሱ ገና በማህፀኑ ነበር፤ ነጭ፣ እንደ ፈትል የለሰለሰ፣ ፍሬ የሌለው።

«ራስ አወጣ?» አለ አባቷ ከደጃፉ።

«አውጥቷል፣ አባባ። አሽቷል።»

«እንግዲያው አምጪልኝ።»

ከአጎቷ ማሳ ዘግይቶ የተዘራ የገብስ እሸት ቀጠፈች፤ ለብልባ፣ አሽታ፣ በመዳፉ አስቀመጠችለት። ጥቂት ፍሬ ወደ አፉ ጣለ። በጉንጩ ይዞ ብዙ ቆየ።

«የእናትሽ አገር ገብስ ነው» አለ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም። የቀረውን እየዳሰሰ ወደ መዳፏ መለሰላት። «ከዘሩ የተረፈ አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ አባባ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ የእህል ነገር አላነሳም፤ ሳምንትም በሕይወት አልቆየም። ሙሚና ያን ማለዳ በመዳፏ የቀረውን ገብስ ምን ታድርገው? እህል መጣል ነውር ነው። ደግሞም ርቧት ነበር። እያለቀሰች በላችው።